«ኦንላይን ነበርሽ እኮ»

ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው። ሳህኑ ታጥቦ አልቋል፣ የልጆቹ ዩኒፎርም ተተኩሶ ተሰቅሏል። አልጋሽ ላይ ጋደም ብለሽ ከጠዋት ጀምሮ ያልነካሽውን ስልክ ከፈትሽ። የእናትሽን መልእክት አንብበሽ ሳትጨርሺ ዋትስአፑ ጢን አለ። ማዳም ናት። ሳሎን ሶፋዋ ላይ ተቀምጣ ቮይስ ልካለች፤ «ነገ እንግዳ አለ፣ ሽንብራውን አሁን ዘፍዝፊው።» ዝም አልሽ። ሁለት ደቂቃ ቆይቶ ሌላ መጣ፤ «ኦንላይን ነሽ እኮ፣ እያየሁሽ ነው።»

ተነሥተሽ ዘፈዘፍሽው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። «ለአምስት ደቂቃ ምን ያጨቃጭቃል?» የምትል እህት አትጠፋም፤ እኔም ለብዙ ዓመት እንደዚያ ነበር የማስበው። አሁን ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። በስልክ የመጣ ሥራም ሥራ ነው። ስልክሽን መያዝ መብትሽ እንደሆነ ሁሉ፣ ስልክሽን ዘግተሽ መተኛትም መብትሽ ነው። ይህን ደግሞ ከአሠሪ ብቻ ሳይሆን ከቤተሰብም መጠየቅ አለብን እላለሁ። የቤተሰቡን ነገር ብዙ ሰው አይወደውም፤ እመጣበታለሁ።

የድሮውን ዘመን ናፍቃ ነው እንዳትሉኝ። ቤይሩት የገባሁት በ1999 ዓ.ም. ነው። ያኔ ስልክ ማለት ማዳም ቤት ኮሪደር ላይ የተቀመጠው ባለ ገመዱ ስልክ ነበር። በወር አንድ ጊዜ ካርድ ትገዛልኝና አጠገቤ ቆማ፣ ሰዓቷን እያየች ታስደውለኛለች። አገር ቤት እኛ ስልክ ስላልነበረን ጎረቤት ነበር የሚጠራልን። እናቴ ነጠላዋን ሳታስተካክል ሮጣ እስክትደርስ ግማሹ ካርድ ያልቃል። «ደህና ነሽ ልጄ?» «ደህና ነኝ፣ እናንተስ?» ከዚያ ጧ ብሎ ይቋረጣል። አባቴ መሞቱን የሰማሁት ከተቀበረ ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው። ያውም በስልክ፣ ማዳም አጠገቤ ቆማ፣ አልቅሼ ሳልጨርስ «ካርዱ አለቀ» ተብዬ። ለመርዶዬ አጠገቤ የተቀመጠ አንድ ሐበሻ አልነበረም። ስለዚህ ያ ዘመን ይሻል ነበር የምትል ካለች እኔ አይደለሁም።

ግን አንድ ነገር ነበረው። ማታ መብራት ሲጠፋ ሥራ ያልቃል። ማዳም ከፈለገችኝ ከአልጋዋ ወርዳ፣ ኮሪደሩን ተሻግራ፣ በሬን አንኳኩታ መቀስቀስ ነበረባት። የሚያንኳኩ ነበሩ፤ ሌሊት ተቀስቅሳ ለእንግዳ ቡና ያፈላች እህት ቁጥር የላትም። ሆኖም የምታንኳኳው ሴት ሰው እየቀሰቀሰች እንደሆነ ታውቃለች። ፊትሽ ላይ ያለውን እንቅልፍ ታየዋለች። አሁን ግን ሳትነሣ፣ ሳታይሽ፣ ምናልባትም «ጠዋት ታነበዋለች» እያለች ትጽፍልሻለች። ክፋት የሌላት ማዳም እንኳ እንዲህ ታደርጋለች፤ ቀላል ነዋ። አንቺ ደግሞ ጠዋት አታነቢውም፣ አሁን ነው የምታነቢው። ስልኩ ጮኸ ማለት ተጠራሽ ማለት ነው።

ካሜራው ደግሞ ሌላ ነው። አሁን የምሠራው ዱባይ ነው፤ የቤቱ ካሜራ ከማዳም ስልክ ጋር ተያይዟል። ቢሮ ተቀምጣ ወጥ ቤቱን ታያለች። ያልጠበቅሁት ነገር ካሜራው መናገሩን ነው። የመጀመሪያ ሳምንቴ ነበር፤ ሕፃኑን አስተኝቼ በአንድ እጄ ዳቦ፣ በአንድ እጄ ሻይ ይዤ በርጩማው ላይ ቁጭ ከማለቴ ከጣሪያው ድምፅ መጣ፤ «ልብሱ ገና አልተሰጣም?» ሻዩ ደረቴ ላይ ፈሰሰ። ሪያድ ያለች ጓደኛዬ ምሳዋን የምትበላው ቆማ፣ በፍሪጁና በግድግዳው መሃል ባለችው ጠባብ ቦታ ነው። ካሜራው እዚያ አይደርስማ። አንድ ትልቅ ሰው ምሳውን ለመብላት ይደበቃል፤ እንደ ሌባ።

ልጅ ያለበት ቤት ሳሎንና ወጥ ቤት ውስጥ ካሜራ ቢኖር አልቃወምም። እኔም እናት ብሆንና ልጄን ለማላውቃት ሰው ትቼ ብሄድ ማየት እፈልግ ነበር። የምትተኚበት ክፍልና መታጠቢያ ቤት ውስጥ ካሜራ ማድረግ ግን የተከለከለ ነው። ልብስሽን የምትቀይሪበት ቦታ ካሜራ ካገኘሽ ዝም አትበዪ፤ ቦታውን በስልክሽ ፎቶ አንሺና ከቤቱ ውጭ ላለ ለምታምኚው ሰው ላኪ።

ስለ እረፍት ሰዓት ደግሞ ብዙዎቻችን ምንም ሕግ የለም ብለን ነው የምናስበው። አለ። ኩዌት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ቁጥር 68 የቤት ሠራተኛ በቀን ከ12 ሰዓት በላይ መሥራት የለባትም፣ በመሃሉም እረፍት ያስፈልጋታል። ኳታር በ2017 ያወጣችው ሕግ ቁጥር 15 ጣሪያውን 10 ሰዓት ያደርገዋል፤ በሳምንትም ቢያንስ 24 ሰዓት ያልተቆራረጠ እረፍት ይሰጣል። የኤምሬትስ የ2022 አዋጅ ቁጥር 9 በቀን 12 ሰዓት እረፍት እንዲኖር፣ ከዚያ ውስጥ 8ቱ የተከታተለ እንዲሆን ያዛል። የተከታተለ የሚለውን ቃል ያዢልኝ። ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኝተሽ፣ 6 ሰዓት ላይ በዋትስአፕ ተነሥተሽ ሽንብራ ከዘፈዘፍሽ፣ እንደገና ተኝተሽ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ብትነሺ 8ቱ ሰዓት የለም። በቀላል ሒሳብ የለም። ሊባኖስ ውስጥ ግን የ1946ቱ የሥራ ሕግ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኛን ከነጭራሹ አውጥቷታል፤ እዚያ መያዣሽ የፈረምሽው ኮንትራት ብቻ ነው፤ ስለዚህ ኮፒው በስልክሽ ውስጥ ይኑር።

እነዚህ ሕጎች ዋትስአፕ የሚል ቃል የለባቸውም። የዓለም ሥራ ድርጅት በ2011 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው የቤት ሠራተኞች ስምምነት ቁጥር 189 ግን ነገሩን ሳይጠራው ነክቶታል። ሠራተኛዋ በጊዜዋ እንደፈለገች ማዘዝ የማትችልበት፣ ብትጠራ ለመነሣት ተዘጋጅታ የምትጠብቅበት ጊዜ፣ የየአገሩ ሕግ በሚወስነው መጠን እንደ ሥራ ሰዓት መቆጠር አለበት ይላል። የባሕረ ሰላጤው አገሮችም ሊባኖስም ይህን ስምምነት አልፈረሙም፤ ስለዚህ ፍርድ ቤት ይዘሽው አትሄጂም። ግን እኛ ስንጨቃጨቅበት የኖርነውን ነገር ከዓለም ዙሪያ የመጡ መንግሥታት፣ አሠሪዎችና ሠራተኞች ተቀምጠው «አዎ፣ መጠበቅም ሥራ ነው» ብለው መጻፋቸው ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ስልክ ይዤ፣ «ጢን ይል ይሆን?» እያልኩ የተኛሁባቸው ሌሊቶች እረፍት አልነበሩም። ሰውነቴ ያውቀዋል።

አሁን ወደማይወደደው ልምጣ።

ያቺ «ኦንላይን ነበርሽ እኮ» የምትለው ዓረፍተ ነገር ከማዳም ብቻ አይደለም የምትመጣው። ከወንድሜም ትመጣለች። ከአክስቴ ልጅ ትመጣለች። ከእናቴ አፍ መጀመሪያ ስሰማት እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ቃል በቃል ያው ነበር። «ኦንላይን ነበርሽ እኮ ልጄ፣ ምነው አላነሣሽውም?» እቃ እያጠብኩ ነበር እማዬ። ስልኩ ኪሴ ውስጥ ሆኖ ለማዳም ነበር የመለስኩት፣ ለዚያ ነው ኦንላይን የሆንኩት። ይህን ለእናት እንዴት አድርጎ ማስረዳት ይቻላል?

ድሮ ገንዘብ በሦስት ወር አንዴ በሰው ይላክ ነበር፤ ጥያቄውም በሦስት ወር አንዴ ነው የሚመጣው። አሁን ጥያቄው እንደ ዝናብ ነው። የወንድም ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ ጠዋት፣ የእድር ቀን ላይ፣ የቤት ኪራይ ማታ። አንዳንዱ በኢሞ ቪዲዮ ከፍቶ የሚያፈሰውን ጣሪያ ያሳይሻል፣ አንቺም ከዚህ ሆነሽ ጠብታውን ታያለሽ። እውነት ነው፣ ያፈስሳል። ችግሩ ውሸት ስለሆነ አይደለም የምከፋው። ችግሩን ያየሽበት ሰዓት ምንም ማድረግ የማትችይበት ሰዓት ስለሆነ ነው፤ ደመወዝ ገና 12 ቀን ይቀረዋል፣ እጅሽ ሳሙና ነው፣ ማዳም እየጠራችሽ ነው፣ ጣሪያውም ያፈስሳል። ቀኑን ሙሉ ሁለት ቤት ውስጥ ትውያለሽ፤ በአንዱም አልተቀመጥሽም።

ልጅ ጥላ የመጣች እህት ደግሞ ከዚህ የባሰ ታውቃለች። ልጇ በቪዲዮ ነው የሚያድገው። ጥርሱ ሲወልቅ ታያለች፣ አታቅፈውም። አንዷ ምን አለችኝ፤ «ሲያለቅስ ካየሁት ያን ቀን የምይዘውን ልጅ መሳቅ አልችልም፤ ማዳም ደግሞ ካሜራው ላይ ፊቴን ታያለች።» ሆኖም ያንን ጥሪ ውሰዱባት ብትሉ እሷ ራሷ ትጮኻለች።

ስልኩ ሲጠፋ ምን እንደሚመስልም ስላየን ነዋ። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ትግራይ ውስጥ ጦርነቱ ሲጀመር ስልክም ኢንተርኔትም ተቆረጠ፤ የትግራይ ልጆች እዚህ በየሰው ቤት ወለል እየወለወሉ ወላጆቻቸው ይኑሩ አይኑሩ ሳያውቁ ወራት፣ አንዳንዶቹም ከዓመት በላይ ቆዩ። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ደግሞ የአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ፣ ለወራትም እንደተዘጋ ቆየ፤ ያኔ ተራው የእኔ ነበር። ጣሪያውን የሚያሳየኝ ሰው ጠፋ። ያማረርኩበት ኢሞ ዝም አለ። ሌሊት ሌሊት እየተነሣሁ ስልኩን አየዋለሁ፤ «መጨረሻ የታየችው» የሚለው ቀን አይቀየርም። በዚያ ጊዜ እናቴ ለአምስት ብርም ለአምስት ሺህ ብርም ብትደውል ደስታዬ ነበር። ስለዚህ ስልክ ጠላታችን ነው የሚል ሰው ሲመጣ አልሰማውም።

በዚህ ምክንያት ነው ስልክ የሚነጥቁ አሠሪዎችን ነገር ሳልናገር የማላልፈው። «ሥራ ታስፈታለች፣ ሌሊት ታወራለች» ብለው ይይዙታል፤ ዓርብ ዓርብ ለአንድ ሰዓት ይሰጡና መልሰው ይወስዳሉ። ነገሩን ገልብጠሽ እዪው። ለእነሱ ሥራ ሲሆን ሌሊትም ይጮኻል፤ ለአንቺ ሲሆን ካዝና ይገባል። ከዚህም በላይ ዛሬ ስልክሽ ወሬ ማውሪያ ብቻ አይደለም። ሳዑዲ ውስጥ ኮንትራቱ የሚፈጸመው ሙሳነድ በሚባለው የመንግሥት ሲስተም ነው፤ ከ2024 እ.ኤ.አ. ሐምሌ ወር ጀምሮ ደግሞ በአዲስ ኮንትራት የገባች ሠራተኛ ደመወዝ በባንክ ወይም በስልክ ዋሌት እንዲከፈል ተደርጓል። ይህ ጥሩ ነው፤ «ከፍያታለሁ» የሚለውን ውሸት ያስቀራል። ግን ዋሌቱ በስልክሽ ነው፣ የይለፍ ቁጥሩ የሚመጣው በሲም ካርድሽ ነው። ሲሙ በማዳም እጅ ከሆነ ደመወዝሽ የት ገባ? ሲም በራስሽ ኢቃማ፣ በራስሽ ስም አውጪ። የሚስጥር ቁጥሩን ለማንም አትንገሪ፤ ለባለቤትየው ልጅም፣ እዚያው ሕንፃ ላለች ሐበሻም።

ፊሊፒኖች ይህን ቀድመው ገብቷቸዋል። በ2018 እ.ኤ.አ. ኩዌት ውስጥ የአንዲት ፊሊፒናዊት ሠራተኛ አስከሬን ፍሪዘር ውስጥ ከተገኘ በኋላ መንግሥታቸው ሠራተኛ መላክ አቆመ። በዚያው ዓመት ግንቦት ከኩዌት ጋር ሲታረቁ የተፈራረሙት ስምምነት ሠራተኛዋ ፓስፖርቷንና ስልኳን በራሷ እጅ እንድትይዝ የሚል ነበረው። ስልክን ከፓስፖርት እኩል አደረጉት። የእኛም መንግሥት ከአረብ አገሮች ጋር ሲዋዋል «ስልኳ በእጇ ይሁን፣ በእረፍት ሰዓቷ የመጣ መልእክት አያስገድዳት» የምትል አንዲት መስመር ቢያስገባ ምን ይጎዳዋል? ኤጀንሲዎችም ቢሆኑ ስንሄድ የሚሰጡን ሥልጠና ስለ ጥብስ ምድጃና ስለ ቫኪዩም ነው። ስለ ስልክ የነገረኝ ማንም የለም።

አሁን ራሴንም ልውቀስ። እንቅልፌን የሰረቀችኝ ማዳም ብቻ ናት ብል ውሸት ይሆንብኛል። ቀኑን ሙሉ የሰው ሆኜ ስለምውል፣ ሌሊቱ የኔ ነው እያልኩ ቲክቶክ ላይ እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል እቆይ ነበር፤ 11 ሰዓት ላይ መነሣቴን እያወቅሁ። አዋቂ ሰው ቢያንስ 7 ሰዓት መተኛት አለበት ይላሉ ሐኪሞች፤ እኔ ግማሹን ነበር የምተኛው። አንድ ቀን ካውያ እንደያዝኩ እንቅልፍ ወስዶኝ ክንዴን አቃጠልኩት፣ ጠባሳው አለ። መስኮት ላይ ወጥታ ለምትጠርግ ሴት እንቅልፍ ማጣት ቀልድ አይደለም።

ቲክቶክን ካነሣሁ አይቀር፦ የአሠሪሽን ልጅ፣ ቤቱን፣ ማዳምን ቀርጸሽ አትልቀቂ። በኤምሬትስ የ2021 የሳይበር ሕግ ያለ ፈቃድ የሰው ፎቶ ማንሣትና ማሰራጨት ቢያንስ 6 ወር እስር ወይም ከ150,000 እስከ 500,000 ድርሃም ቅጣት ያመጣል፤ ሳዑዲም እስከ አንድ ዓመት እስርና እስከ 500,000 ሪያል አላት። ሁለታችንም የምንጠበቅበት ሕግ ነው፤ አንቺን ቀርጻ እየሳቀች የምትለጥፍ ማዳምም በዚሁ ሕግ ትጠየቃለች።

እኔ ምን አደረግሁ? ብዙም አይደለም። መጀመሪያ ዋትስአፕ ሴቲንግ ውስጥ፣ ፕራይቬሲ የሚለው ጋ ገብቼ «ላስት ሲን» እና «ኦንላይን» የሚሉትን ለማንም እንዳይታዩ አደረግሁ። ሁለቱን ሰማያዊ ምልክቶችም ዘጋሁ፤ የሰማሽው ቮይስ ግን እንደተሰማ መታየቱ አይቀርም፣ ስለዚህ ሌሊት የመጣ ቮይስ አልከፍትም። ስልኩን የሰጡሽ አሠሪዎችሽ ከሆኑ ደግሞ «ሊንክድ ዲቫይስ» የሚለውን ክፈቺና የማታውቂው ኮምፒውተር ተያይዞ ካለ አስወጪው፤ መልእክትሽን ሁሉ እያነበቡት ሊሆን ይችላልና።

ከዚያ ማዳምን አናገርኩ። በጥሩ ሰዓት፣ ቡናዋን ከጠጣች በኋላ። «ማዳም፣ ማታ ከ4 ሰዓት በኋላ የምትጽፊልኝን ጠዋት አነበዋለሁ። ልጁ ከታመመ በሬን አንኳኪ፣ ወዲያው እነሣለሁ» አልኳት። ተቆጣች፣ ሁለት ቀን አኮረፈች፣ ከዚያ ለመደችው። የሁሉ ማዳም እንዲህ እንዳልሆነች አውቃለሁ። ይህን ብትናገር የምትደበደብ ወይም የምትባረር እህት አለች፤ እሷን ተናገሪ አልልም። እሷን የምላት፦ መልእክቶቹን አታጥፊ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የተላከ ቮይስ ሰዓቱን ይዞ ነው የሚቀመጠው። ስክሪንሹት አንሥተሽ ለእህትሽ ወይም ለጓደኛሽ ላኪና ከራስሽ ስልክ ላይ ደብቂው። አንድ ቀን ለክስ ወይም ለደመወዝ ጥያቄ ስትቀርቢ «በቀን ስንት ሰዓት ትሠሪ ነበር?» ትባያለሽ፤ ያኔ ምስክርሽ ማዳም ራሷ የላከችው መልእክት ነው።

ከእናቴ ጋር የተስማማሁት ከማዳም ይልቅ ከብዶኝ ነበር። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እንድንነጋገር፣ የገንዘብ ነገር ደግሞ ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ ብቻ እንዲነሣ ለመንኳት። «ባዕድ አደረግሽኝ» ብላ አለቀሰች። ወንድሜ «ተለወጥሽ» አለኝ። አስረዳሁ፤ ስልኬ ሌሊት «አትረብሹኝ» የሚለው ላይ እንደሚሆን፣ ነገር ግን ሰው ሁለት ጊዜ አከታትሎ ከደወለ እንዲጮኽ አድርጌ እንዳስተካከልኩት ነገርኳቸው። «ሞትና ሕመም ከሆነ ሁለቴ ደውሉ» አልኳቸው።

ሦስት ወር ያህል በደንብ ሄደ። ባለፈው ረቡዕ ሌሊት ስልኩ ጮኸ። ተቋረጠ፣ ወዲያው ደገመ። እናቴ ናት። ጉልበቴ ከዳኝ፤ በጨለማ ተነሥቼ ተቀምጬ፣ ማን ይሆን እያልኩ፣ አነሣሁት። ፊቷ በእጅ ባትሪ እየበራ ነበር። ምንም አልሆነችም። ለብዙ ሳምንት ታቅፋ የከረመችው ዶሮዋ 11 ጫጩት ፈልፍላ፣ እስኪነጋ መጠበቅ አቅቷት ነው። «እይ እስቲ፣ ይቺን ቡኒዋን እይ» አለችኝ፣ ባትሪውን ወደ ቅርጫቱ ዝቅ አድርጋ። ተቆጣኋት፣ ከዚያ አንድ በአንድ አብረን ቆጠርናቸው።